ወደ ዶሮ ቤቱ አዙር

ሜርቭ፦ ቀኝህ የትኛው ነው?

ላይል፦ ይሄ። ፓይ የያዝኩበት።

ሜርቭ፦ ቅድም ፓዩ በዚያኛው እጅህ ነበር እኮ።

ላይል፦ አቃጠለኝና አዛወርኩት።

(ሁለቱም ስልሳን ያለፉ ሰዎች ናቸው። ያሉት ከሆርሻም ከተማ ወጣ ብሎ፣ በስንዴ ማሳ መካከል በቆመው የሜርቭ የቆርቆሮ ጋራዥ ውስጥ ነው። ሜርቭ አባቱ ትተውለት ያለፉትን አሮጌ ሼቭሮሌት ዓመታት ፈጅቶ ሲያድስ ቆይቶ፣ ዛሬ የመጨረሻውን ዕቃ፣ መሪውን ከጎማዎቹ ጋር የሚያገናኘውን የመሪ ሳጥን፣ አስሮ ጨርሷል። መኪናዋ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ በክሪክ ተነስታለች። ሜርቭ መሪውን ይዞ ተቀምጧል። ዳሌው በቅርቡ ኦፕራሲዮን ስለተደረገ አንዴ ከገባ በቀላሉ አይወጣም፤ የፊት ጎማዎቹን ደግሞ ወፍራሙ ፓራፋንጎ ጋርዶበታል። ስለዚህ በላይል ዓይን ማየት ግድ ሆኖበታል። ላይል ጎረቤቱና የልጅነት ጓደኛው ነው። ከመኪናዋ ፊት ለፊት ቆሞ በሊጥ ተጠቅልሎ የተጋገረ የሥጋ ፓዩን ይበላል።)

ሜርቭ፦ በል አሁን ልብ ብለህ እይ። ወደ ቀኝ አዞርኩ። ጎማው ወዴት ሄደ?

ላይል፦ ወደ ቀኝ።

ሜርቭ፦ እሰይ። ይኼን ለማለት ይሄ ሁሉ ጊዜ?

ላይል፦ የእኔ ቀኝ ማለቴ ነው።

ሜርቭ፦ አንተ ፊትህን ወደ እኔ አዙረህ ነው የቆምከው። ያንተ ቀኝ የእኔ ግራ ነው።

ላይል፦ እንግዲያው ወደ ግራህ ሄደ።

ሜርቭ፦ ወደ ግራዬ ሊሄድ አይችልም። ያዞርኩት ወደ ቀኝ ነው።

ላይል፦ እሱን ለጎማው ንገረው።

ሜርቭ፦ የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊዎቹ የመኪናቸውን መሪ የማይሰጡህ ለዚህ ነው።

ላይል፦ ደወሉን ግን ይሰጡኛል።

ሜርቭ፦ ዙር። እኔ ወደማይበት አንተም እይ።

(ላይል ታዛዥ ነው። ዞሮ ጀርባውን ለመኪናዋ ይሰጣል።)

ሜርቭ፦ አሁን ግራና ቀኛችን አንድ ሆነ። ይኸው፣ ወደ ቀኝ አዞርኩ። ወዴት ሄደ?

ላይል፦ ማን?

ሜርቭ፦ ጎማው ነዋ።

ላይል፦ እኔ ከዚህ የሚታየኝ ስንዴ ነው። ስንዴው አልተንቀሳቀሰም።

(ሜርቭ ዓይኑን ጨፍኖ ትንፋሹን ይሰበስባል። ሐኪሙ እንዳትናደድ ብሎታል፤ ሐኪሙ ግን ላይልን አያውቀውም።)

ላይል፦ ምናልባት ዕቃው ይሆን እንዴ ችግሩ?

ሜርቭ፦ ስለ ዕቃው ትንፍሽ እንዳትል። ሁለት ዓመት ሙሉ ነው የመረጥኩት። የድሮውን ሳጥን ላስጠግን ብል ውስጡ ተበልቶ አልቋል፤ መሪው ዝም ብሎ ይሽከረከራል እንጂ ጎማው አይሰማውም። አራራት ከተማ ያለው ሰውዬ አስመስሎ የሠራውን ልግዛ ብል፣ አስመስሎ የተሠራ ነገር በአባቴ መኪና አይገባም። ይሄ ግን ከአሜሪካ ከኦሃዮ በመርከብ የመጣ ነው። በራሷ ዘመን የተሠራ ዕቃ፣ የሰው እጅ ያልነካው፣ ከነሰም ወረቀቱ።

ላይል፦ ታዲያ ሲታሰር ለምን እምቢ አለ?

ሜርቭ፦ እምቢ አላለም። ሻሲው ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ቦታቸውን ስተው ነበር። ሌላ በሳሁ።

ላይል፦ አባትህ ሲገዟት ቀዳዳዎቹ ቦታቸው ላይ ነበሩ?

ሜርቭ፦ ላይል፣ ፓይህን ብላ።

ላይል፦ አለቀ እኮ።

ሜርቭ፦ ስማኝ። ዛሬ ረቡዕ ነው። ቅዳሜ ሊኔትን ለሠርጓ ቤተ ክርስቲያን የማደርሳት በዚህች መኪና ነው። ይሄ መሪ ካልሠራ የሙሽራው እናት ከባላራት የተከራየችው ያ ረጅም ነጭ መኪና ደጄ ላይ ይቆማል። አንድ ልጄ ከቤቴ በኪራይ መኪና ወጥታ ስትሄድ ቆሜ ማየት አልችልም። በፍጹም አልችልም። ሕፃን ሆና እንቅልፍ እምቢ ሲላት በዚህች ወንበር ላይ ነበር የማስተኛት።

ላይል፦ አውቃለሁ። ለቅሶዋ እኔ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር።

(ላይል እጁን በሱሪው ጠርጎ ያስባል። ሲያስብ አፉ በትንሹ ይከፈታል።)

ላይል፦ ግራና ቀኙን እንተወው። በዚያ በኩል ዶሮ ቤት አለ። በዚህ በኩል የውኃ ታንከር አለ። ዶሮ ቤት ለአንተም ዶሮ ቤት ነው፣ ለእኔም ዶሮ ቤት ነው።

ሜርቭ፦ በስተርጅና እንደ ሕፃን እንጫወት እንግዲህ። እሺ፣ ወደ ዶሮ ቤቱ አዞርኩ።

ላይል፦ ጎማው ታንከሩን እያየ ነው።

ሜርቭ፦ ዶሮ ቤቱ የት ነው ያለው?

ላይል፦ ዶሮዎቹ ያሉበት።

ሜርቭ፦ ወደ ታንከሩ አዞርኩ።

ላይል፦ ዶሮ ቤት።

ሜርቭ፦ እንደገና ወደ ዶሮ ቤት።

ላይል፦ ታንከር።

ሜርቭ፦ እየቀለድክብኝ ከሆነ ዳሌዬ ይቅርና እግሬ ቢቆረጥ ወርጄ አገኝሃለሁ።

ላይል፦ ኧረ ጃል፣ እኔ ያየሁትን ነው። ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ኦሃዮ ውስጥ ሹፌር በየት በኩል ነው የሚቀመጠው?

(ሜርቭ እጁን ከመሪው ላይ ቀስ ብሎ አነሳ። የአሮጌ መኪና ወዳጆች ማኅበር አባላትን ሰብስቦ ስለዚህ ሳጥን ንግግር ያደረገበት ቀን ትዝ አለው። አጨብጭበውለት ነበር።)

ሜርቭ፦ እኛ አገር በቀኝ፣ እዚያ በግራ።

ላይል፦ በየትኛው ግራ?

ሜርቭ፦ ላይል፣ እባክህ።

ላይል፦ እንግዲህ ለዚያ በኩል የተሠራ ሳጥን እዚህ በኩል ሲታሰር ሁሉን ነገር ገልብጦ ይሠራል ማለት ነው።

ሜርቭ፦ አንተ ይኼን ከየት አወቅህ?

ላይል፦ በድርቁ ዓመት ለፒካፔ የመሪ ሳጥን የመረጠልኝ ማን ነበር?

ሜርቭ፦ ማን ነበር?

ላይል፦ አንተ ነሃ። እሱም ከአሜሪካ፣ እሱም በሰም ወረቀት። ታስሮ ሲያልቅ መሪው ተገለበጠብኝ ብዬ መጣሁ። "ሹፌር ይለምደዋል" ብለህ መለስከኝ። እውነትም ለመድኩት። ሁለት መከር ነዳሁት። ግራና ቀኝ የጠፋብኝ ከዚያ ወዲህ ነው እንጂ በፊትማ ደህና ነበርኩ።

ሜርቭ፦ ታዲያ ዛሬ ገና ከመጀመሪያው ለምን አልነገርከኝም?

ላይል፦ ነገርኩህ። ቀኝህ የትኛው ነው አልከኝ።

(ሜርቭ ግንባሩን መሪው ላይ አሳረፈ። ክላክሱ ጮኸ። ዶሮዎቹ ተንጫጩ።)

ሜርቭ፦ አለቀልኝ። ነጩ መኪና መጣ በለኝ።

ላይል፦ አይመጣም። ፒካፔ ላይ አሁን ያለው የራሱ የድሮው ሳጥን ነው። የበጎቹን በረት ደጋግሜ ከደረመስኩ በኋላ መለስኩት። ያው ሼቭሮሌት ናት፣ ያው ሳጥን ነው። ዛሬ ፈትተን ነገ እዚህ እናስረው።

ሜርቭ፦ ይገጥማል?

ላይል፦ የድሮዎቹን ቀዳዳዎች ካልደፈንካቸው ይገጥማል።

ሜርቭ፦ አልደፈንኳቸውም። አንተስ በምን ልትሄድ ነው?

ላይል፦ እኔማ ቅዳሜ ይቺን እነዳለሁ።

ሜርቭ፦ ይቺን የምነዳት እኔ ነኝ።

ላይል፦ አንተ ከኋላ ከሊኔት አጠገብ ነው የምትቀመጠው። የሙሽራ አባት ሹፌር ይሆናል እንዴ? የልጅቷን እጅ ማን ሊይዝላት ነው?

(ሜርቭ መኪናዋን ሲያድስ በኖረበት ጊዜ ሁሉ ያችን ቅዳሜ ባሰባት ቁጥር የሚታየው የራሱ እጅ መሪው ላይ ሆኖ ነው። ሊኔት ከኋላ ብቻዋን እንደምትቀመጥ አንድ ቀን እንኳ ትዝ ብሎት አያውቅም። አፈረ። ዓይኑ እርጥብ ሲል ግራሶ ገባብኝ ብሎ በእጅጌው ጠረገው።)

ሜርቭ፦ እሺ። ከኋላ እቀመጣለሁ። ግን እንዲህ ግራና ቀኝህን ሳትለይ ልጄን እንዴት አምኜ ልስጥህ? በየመታጠፊያው ማን ሊነግርህ ነው?

ላይል፦ የቱ መታጠፊያ?

ሜርቭ፦ ከዚህ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው ነዋ።

(ላይል ከፊቱ ገለል አለለት። በተከፈተው የጋራዡ በር በኩል መንገዱ ስንዴውን ለሁለት ከፍሎ እስከ አድማስ ይሄዳል። ጫፉ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ትታያለች። ሜርቭ ይኼን መንገድ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል።)

ላይል፦ ቀጥ ያለ ነው፣ ሜርቭ። እኔማ ሁለት ዓመት ሙሉ መሪ ስትመርጥ፣ ይሄ ሰውዬ ሊኔትን ወዴት ሊወስዳት ነው ብዬ ስገረም ከረምኩ።