ጊታር ከአልጋ ራስጌ

(ቡራዩ። የኦቦ ባይሳ ግቢ። ልጃቸው ዲሪርሳ፣ የሰፈሩ ቴሌቪዥን ጠጋኝ፣ ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቶ ቆሟል። ጓደኛው ባለሱቁ ሐምዱ በፌስታል ያመጣውን ዕቃ እየዘረገፈ ነው። ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ የአልጋ ራስጌ ተደግፏል።)

ዲሪርሳ፦ ይሄ ምንድን ነው?

ሐምዱ፦ ክር ነዋ!

ዲሪርሳ፦ የምን ክር?

ሐምዱ፦ ስድስት ክር ይዘህ ና አላልከኝም? ይኸው ስድስት። ቀለሙን ስላልነገርከኝ ሁለት ነጭ፣ ሁለት ጥቁር፣ አንድ ቀይ፣ አንድ ደግሞ ውሃ ሰማያዊ አድርጌልሃለሁ። ካልወደድከው ይቀየራል፤ ካልተፈታ ነው ታዲያ።

ዲሪርሳ፦ ሐምዱ! እኔ ቀሚስ ልሰፋ ነው እንዴ? የጊታር ክር ነው ያልኩህ! ብረት የሆነ፣ ሲነካ የሚጮህ!

ሐምዱ፦ እሱን ሽቦ በለኛ! ክርና ሽቦ እኛ ሱቅ አንድ መደርደሪያ ላይ እንኳ አይቀመጡም።

ዲሪርሳ፦ በሙዚቃ ቋንቋ ክር ነው የሚባለው።

ሐምዱ፦ ስትደውልልኝ ግን በአማርኛ ነበር።

ዲሪርሳ፦ (በረጅሙ ተንፍሶ) ያ ሐምዱ፣ ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣ ስማኝ። እኔ ጨዋታ ላይ አይደለሁም። እነ ላሊሴ ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያን ኮንፈረንስ አለባቸው።

ሐምዱ፦ የሱሉልታዋ ላሊሴ? መዘምሯ?

ዲሪርሳ፦ ስንት ላሊሴ አለ ታዲያ? ከስንት ሰው መሀል እኔን መርጣ፣ ጊታር ሥራልን አለችኝ። ዓይን ዓይኗን እያየሁ፣ ችግር የለም አልኳት። ካልሠራሁላት ያ እውነቱ የሚባለው የሰበታ ልጅ የራሱን ጊታር አዝሎ ከች ይላል። ዓይኑን ከጣለባት ቆይቷል እኮ! አንዴ ኳየሩ ውስጥ ከገባ ማን ያስወጣዋል? ይሄ ጊታር ካልተሠራ ላሊሴን በገዛ እጄ ሸኘኋት ማለት ነው።

ሐምዱ፦ ወላሂ ከባድ ነው። ግን ጊታር ሠርተህ ታውቃለህ?

ዲሪርሳ፦ ቪዲዮ አይቻለሁ።

ሐምዱ፦ እስከ መጨረሻው?

ዲሪርሳ፦ አንገቱ ጋ ሲደርስ ፓኬጄ አለቀ። የቀረው በጭንቅላት ነው።

ሐምዱ፦ በማን ጭንቅላት?

ዲሪርሳ፦ በእኔ ነዋ! ደግሞ ተራ ጊታር እንዳይመስልህ። ኤሌክትሪክ ነው።

ሐምዱ፦ ቆጣሪው በማን ስም ሊወጣ ነው?

ዲሪርሳ፦ ዝም ብለህ አዳምጥ። መጀመሪያ ቦዲው፣ እሱ ከእንጨት ነው። ከዚያ ሁለት ፒካፕ ያስፈልገናል።

ሐምዱ፦ ሁለት?

ዲሪርሳ፦ ሁለት። አንድ ፊት፣ አንድ ኋላ።

ሐምዱ፦ ለአንድ ጊታር? ዲሪ፣ ታክሲ ውስጥ ጭንህ ላይ አድርገኸው ብትሄድ ምን ይልሃል? የግድ ነው ካልክ አጎቴ አክመል አንድ ነጭ ፒካፕ አለው። ሁለተኛውን ግን ከዱከም ነው የምናስመጣው። የኋለኛውስ ምን ሊጭን ነው?

ዲሪርሳ፦ ማን መኪና አለ! የጊታር ፒካፕ ማለት ማግኔት ነው። ዙሪያውን ቀጭን ሽቦ ትጠመጥምበታለህ፤ የክሩን ድምፅ ለቅሞ ወደ ስፒከር ይልካል።

ሐምዱ፦ ታዲያ ለቃሚ አትለውም? ሰውን ስታስደነግጥ!

ዲሪርሳ፦ ሽቦውን ከተቃጠለ ዳይናሞ እፈታለሁ፣ ማግኔቱን ከአሮጌ ስፒከር። ከዚያ አንገቱ ላይ ፍሬት።

ሐምዱ፦ እሱን እንኳ አውቀዋለሁ።

ዲሪርሳ፦ (ተገርሞ) ፍሬትን ታውቃለህ?

ሐምዱ፦ ፍሬን የሌለው ፒካፕ ማን ይነዳል?

ዲሪርሳ፦ ፍሬት! ፍ-ሬ-ት! አንገቱ ላይ በተርታ የሚተኙ ቀጫጭን ብረቶች!

ሐምዱ፦ እሺ አትጩህብኝ። ከዚያስ?

ዲሪርሳ፦ ከዚያ ስድስት ቁልፍ።

ሐምዱ፦ ስድስት! እውነትህን ነው፣ በዚህ ሰፈር ሌባው በዝቷል።

ዲሪርሳ፦ መቃኛ ቁልፍ! ክሩን የሚወጥር! ኡፍፍ... ከዚያ ታች ብሪጅ፣ ድልድይ ማለት ነው።

ሐምዱ፦ (ወደ ግቢው በር ዞሮ መንገዱን ያያል።)

ዲሪርሳ፦ አሁን ደግሞ ምን ልትል ነው?

ሐምዱ፦ ምንም። መንገዱም አብሮ ቢሠራልን ጥሩ ነው ብዬ ነው።

(ዲሪርሳ ጠመኔ ያወጣና ራስጌው ላይ መሳል ይጀምራል።)

ሐምዱ፦ ዱባ ነው?

ዲሪርሳ፦ የጊታር ቅርጽ ነው! አታይም? ይሄ ወገቡ ነው።

ሐምዱ፦ አርግዟል መሰለኝ።

ዲሪርሳ፦ (ራስጌውን በመዳፉ እየመታ) ይልቅ ይሄን ስማ። ዋንዛ ነው! ዋንዛ ድምፅ አለው።

ሐምዱ፦ (ጆሮውን አስጠግቶ) ለእኔ የሚሰማኝ የኦቦ ባይሳ ቁጣ ነው። ይሄ የእሳቸው አልጋ ራስጌ አይደለም እንዴ? አዴ ድንቅቱን ሲያገቡ ያሠሩት?

ዲሪርሳ፦ ነው።

ሐምዱ፦ ፍታና አውጣልኝ ስትለኝ እኔ ሊጠገን መስሎኝ! ልትቆርጠው ነው? ያውቃሉ?

ዲሪርሳ፦ ሁለቱም ተፍኪ ለቅሶ ሄደዋል። በዚህ ፈንታ ኮምፔንሳቶ ቆርጬ፣ ቀለም ቀብቼ ቦታው ላይ አቆምላቸዋለሁ። ደግሞስ ራስጌ ማለት ምንድን ነው? ከራስ በስተኋላ ያለ ነገር ነው። ሰው ተኝቶ ራስጌውን አያይም። አባዬ ይሄን ሁሉ ዘመን ጀርባውን ሰጥቶት ነው የኖረው።

ሐምዱ፦ ሲነሡስ?

ዲሪርሳ፦ ሲነሣ ወደ ፊት ነው የሚሄደው።

ሐምዱ፦ አልጋ የሚያነጥፉት አዴ ድንቅቱስ?

ዲሪርሳ፦ (ትንሽ አስቦ) እማዬ ልጇን ትወዳለች።

ሐምዱ፦ ዲሪ፣ ምክር ስማ፤ ከአባትህ አትጣላ። ጣውላ ቤት እንሂድና ሌላ እንጨት እንፈልግ።

ዲሪርሳ፦ ጣውላ ቤት ያለው ባሕር ዛፍ ነው! ባሕር ዛፍ ሲዘምር ሰምተህ ታውቃለህ?

ሐምዱ፦ አልጋም ሲዘምር አልሰማሁም፤ ሲንቋቋ እንጂ።

ዲሪርሳ፦ (መጋዙን አንሥቶ) ና ያዝልኝ!

ሐምዱ፦ ዲሪ፣ ማሎ! እባክህ ተው!

ዲሪርሳ፦ አንተ የሱቅ ሰው ነህ፤ ከሚዛን ሌላ ምን ታውቃለህ? ይሄ ጥበብ ነው! ለአንድ ጣውላ ብዬ ላሊሴን ልጣት? ያዝ አልኩህ!

(ሐምዱ ቢስሚላህ ብሎ ይይዛል። መጋዙ ይፋጫል፣ ሰጋቱራው ይበናል። ከብዙ ትግል በኋላ የራስጌው እኩሌታ መሬት ላይ ይወድቃል።)

ሐምዱ፦ ኢና ሊላሂ! እነሱ ተፍኪ ድረስ ሄዱ እንጂ ለቅሶው እዚሁ ነው።

(የዲሪርሳ ስልክ ይጠራል።)

ዲሪርሳ፦ ላሊሴ ናት! ዝም በል! (ድምፁን አለስልሶ) ሃሎ፣ ላሊዬ... አካም ጅርታ? ደህና ነሽ?... ጊታሩማ እየተሠራ ነዋ! አሁን እንኳ መጋዙን አስቀምጬ ነው ያነሣሁልሽ... መጋዝ... አዎ፣ የእንጨት መጋዝ... ለቦዲው ነዋ... ምን? (ፈገግታው ይደርቃል) የገመዱ መሰኪያ?... ሲነካ ድምፁ ይቆራረጣል?... የቱ ጊታር?... የእናንተ?... ለማን ነው የሰጠሽው?... ለእማዬ?... (በጣም ቀስ ብሎ) አዎ... አይ፣ እሱስ ቀላል ነው። በካውያ ነካ ማድረግ ብቻ ነው... ስለ መጋዙ እርሺው... አብራችሁ ናችሁ?... አሸዋ ሜዳ ደረሳችሁ?... ቶሌ። እሺ። (ይዘጋል።)

ሐምዱ፦ ምን አለች?

ዲሪርሳ፦ ጊታር አላቸው።

ሐምዱ፦ ማሻአላህ! ከየት አገኙ?

ዲሪርሳ፦ ድሮም ነበራቸው! ገመዱ የሚሰካበት ላልቶ ድምፁ አስቸገራቸው። ለእማዬ አምጥታ ሰጥታት ነበር። እማዬ አልጋ ሥር አስገብታው፣ ለለቅሶው ስትጣደፍ ሳትነግረኝ ሄደች።

ሐምዱ፦ ቆይ እስቲ። ያን ቀን ላሊሴ ምን ነበር ያለችህ? እሷ እንዳለችው ንገረኝ፣ አንተ እንዳማረህ አይደለም።

ዲሪርሳ፦ "ዲሪ፣ ጊታሩን ትሠራልናለህ?"

ሐምዱ፦ ጊታሩን?

ዲሪርሳ፦ ጊታሩን።

ሐምዱ፦ "ጊታር" ሳይሆን "ጊታሩን"?

ዲሪርሳ፦ ምን ልዩነት አለው?

ሐምዱ፦ አንተ ሰውዬ! "ሳሙና ስጠኝ" ያለኝ ሰው ሳሙና የለውም። "ሳሙናውን ስጠኝ" ያለኝ ግን ሳሙናው እዚያው ቁጭ ብሎ እያየው ነው! ሥራህስ ምንድን ነው? ሰው ሁሉ "ቴሌቪዥኑን ሥራልኝ" እያለ ይመጣብህ የለ? ያኔ ከእንጨት ነው የምትጀምረው?

ዲሪርሳ፦ (በተቆረጠው ራስጌ ላይ ቁጭ ብሎ) ወይኔ ልጁ! ... ሐምዱ፣ ራስጌውን ስትፈታ አልጋው ሥር ቦርሳ አላየህም?

ሐምዱ፦ አይቻለሁ። ጥቁር፣ ረዘም ያለ። እግሬን ሲመታኝ ወደ ጥግ ገፋሁት።

ዲሪርሳ፦ እና አትነግረኝም?

ሐምዱ፦ ምን ብዬ? ጊታር ማለት ድልድይ ያለው ነገር ነው ያልከኝ አንተ፤ አልጋ ሥር ይገባል ብዬ እንዴት ልጠርጥር?

ዲሪርሳ፦ አሁን ልትወስደው እየመጣች ነው። አባዬንና እማዬን ታክሲ ውስጥ አግኝታቸው አብረው ናቸው።

ሐምዱ፦ ታዲያ እሰይ ነው! ካውያህን ስካ፤ በሩን ሳያንኳኩ ትጨርሰዋለህ። ያ እውነቱም ሰበታው ይቀራል፣ ላሊሴም ደስ ይላታል።

ዲሪርሳ፦ እሷስ እሺ። አባዬ ራስጌዬ የት ሄደ ሲለኝ ምን እለዋለሁ?

ሐምዱ፦ (ወደ በሩ እያፈገፈገ) ምን አስጨነቀህ? "ላሊሴ ጊታሩን ሥራልን አለችኝ፤ እኔ ደግሞ አልጋውን ሠራሁላችሁ" በላቸው!