የአባ ባልቦላ ዘመቻ ስለ ድንኳን ሶኬት

የሕንፃው ሊፍት ተበላሽቶ በቆመ በሦስተኛው ዓመት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ ዓመተ ምሕረቱም ፳፻፲፯ ሲሆን፣ አቶ ገሠሠ በለቡ መብራት ኃይል ሰፈር የእድር ሊቀ መንበር ሆነው ድንኳንና ብረት ድስት በሚያዝዙበት ወራት፣ የመብራትና የቧንቧ ንድፍ ሊቅ፣ የፎቆች ጌጥ ኢንጂነር ሲራክ ተነሡ፤ ፈረስ ባይኖራቸውም የፈረስ ስማቸው አባ ባልቦላ ይባላል። ንጽሐፍ እንከ ዜናሁ፤ እንግዲህ ዜናቸውን እንጻፍ።

የነገሩም መነሻ ይህ ነው። የሚኖሩበትን ሕንፃ በኮምፒውተር የነደፉት እርሳቸው ራሳቸው ሲሆኑ፣ የንድፉ ፕሮግራም በየክፍሉ ሶኬቱን በገዛ ፈቃዱ እየደረደረ ሄዶ፣ ግቢው ላይ ሲደርስ አንድም ሳያኖር አለፈ፤ በተሠራበት አገር የለቅሶ ድንኳን የለምና። እርሳቸውም አመኑት። ስለዚህ ለቅሶ በሆነ ቁጥር የድንኳኑ መብራት ገመድ ታች በሚኖሩት በወይዘሮ ተሾመች ማድ ቤት መስኮት ይወጣል፤ መስኮቱም ሦስት ቀን ስለማይዘጋ ድመት ይገባል፣ ብርድ ይገባል፣ ማንኪያ የሚዋስ እጅ ይገባል። ወይዘሮ ተሾመችም አኩርፈው ነዳፊውን ሰላምታ ነሷቸው። ደረጃው አንድ ነውና በቀን አራት ጊዜ ይገናኛሉ፤ አባ ባልቦላ ዘጠኝ ወር ሙሉ እንደምን አደርክ የሚላቸው አጥተው ኖሩ፤ እጅግም ከፋቸው።

ወእምዝ ባሕር ማዶ ወዳሉት የፕሮግራሙ ባለቤቶች የማሻሻያ ሐሳብ ላኩ፦ «ሕንፃ ሲነደፍ፣ ዝናብ የማይገባው፣ የራሱ ባልቦላ ያለው የድንኳን ሶኬት በግቢው ይኑር።» ባለቤቶቹም አዋጅ መለሱ፦ «እስከ እሑድ ኀምሳ ድምፅ ያላገኘ ሐሳብ ይሰረዛል።»

በመካኒሳና በፉሪ ያሉ የሙያ ባልደረቦቻቸው ቢቆጠሩ ስድስት ሆኑ። አባ ባልቦላ ግን አልደነገጡም፤ ጥቂት ብቻ ደነገጡ። ወደ እድሩም ሄደው አመለከቱ፤ አቶ ገሠሠም መዝገባቸውን ገልጠው አስነገሩ፦ «ስልክ ያለው ስልኩን፣ የሌለው የልጁን ስልክ ይዞ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይሰብሰብ። የቀረ እንደ ቀብር ቀሪ ይቀጣል።»

የተሰለፈውም ሠራዊት፣ በቀኝ አቶ በንቲ፣ ሕንፃው ሳይቆም በዚያው መሬት ጤፍ ያርሱ የነበሩ፤ በግራ ባለሱቋ ሸጊቱ ከሁለት ስልክ ጋር፤ በደጀንም የእድሩ ድስት ኃላፊዎች፣ መነጽር የረሱ አዛውንትና ምን እንደሚመረጥ ያልጠየቁ ብዙዎች ነበሩ። ከእነርሱም ሦስቱ ድምፅ ሰጥተው በስሕተት መልሰው ነሡ፤ እንደገናም ሰጡ። በአሥር ሰዓት ኀምሳ ሦስት ሞላ። ባለቤቶቹም እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ሐሳባችሁን ተቀብለናል፤ ከሁለት እትም በኋላ ይወጣል። ለመሆኑ በየግቢያችሁ ድንኳን የምትተክሉት ስለ ምንድን ነው?» እልልታም ሆነ።

በሦስተኛው ሳምንት ግን ለቅሶ ሆኖ ድንኳን ተተከለ፤ ገመድ ያዦችም እንደ ልማዳቸው ወደ ታች ቢመጡ፣ በወይዘሮ ተሾመች መስኮት ላይ ይህ አዋጅ ተለጥፎ አገኙ፦ «ፕሮግራሙ እስኪማር ድረስ መስኮቴ ተዘግቷል። ገመዱ ከነዳፊው ቤት ይውረድ።»

ገመዱም ከአራተኛ ፎቅ፣ ከአባ ባልቦላ ማድ ቤት ወረደ፤ እርሳቸውም ሦስት ቀን ካፖርት ለብሰው እያስነጠሱ ራት በሉ። በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ ተሾመች ደረጃው ላይ ቆሙ፤ እንደምን አደርክ ልጄ አሏቸው፤ ጉንፋናቸውን ጠይቀው ዝንጅብል ሰጧቸው።

በስድስት ጀምረው በኀምሳ ሦስት የፈጸሙ፣ አራት ፎቅ ገመድ ያወረዱ፣ ወይዘሮ ተሾመች ሰላም ያሏቸው አባ ባልቦላ ስማቸው ይግነን፤ ጉንፋናቸውም ይልቀቃቸው፤ አሜን።