በገዳሪፍ ሐሩር ብርድ ያገኙት እትዬ ዙፋን

ሐበሻ በሰፈረበት ሁሉ ማንም ያልመረጣት፣ ማንም ሊያወርዳት የማይችል አንዲት የጤና ሚኒስትር አለች። ቢሮዋ የሰው ደጃፍ ነው። በሽታ አትመረምርም፤ ትፈርዳለች። በሱዳኗ የገዳሪፍ ከተማ በሐበሻ ሰፈር ይህ ሥልጣን በክብርት እትዬ ዙፋን እጅ ነበር፤ የሚያስተዳድሩት ሰፊ ሕዝብ ደግሞ ጎረቤታቸው ኮከብ ነበረች።

ኮከብ በካንሰር የተነሳ ጡቷን ካርቱም ላይ በቀዶ ሕክምና ካስወጣች በኋላ፣ በሽታው እንዳይመለስ በየቀኑ የምትዋጥ ክኒን ለዓመታት ታዝዛላታለች። ክኒኗ ካንሰሩን የሚመግበውን የሴት ሆርሞን ታደርቃለች። ችግሩ መገጣጠሚያንም አብራ ማድረቋ ነው። ኮከብ ጠዋት ስትነሳ ጉልበቷ እንደ ዛገ በር ሲጥ ይላል፤ ጣቶቿ አንታጠፍም ብለው ያምፃሉ። የምትኖረው ደግሞ በእነዚሁ ጣቶች ነው፤ መጋዘን ውስጥ ሰሊጥ እያበጠረች።

እትዬ ዙፋን ሰምተው ሳይጨርሱ ፈረዱ፦ «ብርድ ነው!»

ልብ በሉ፣ ወሩ ግንቦት ነው። የገዳሪፍ አስፋልት ጫማ ይዞ የሚያስቀርበት፣ ዶሮ አፏን ከፍታ የምታለከልክበት ግንቦት።

«እትዬ፣ ብርዱ በየት በኩል ገባ?»

«ደረትሽን ከፍተው ማቀዝቀዣ ስር ሲያስተኙሽ ነዋ!»

ኮከብም በዚያ ግንቦት ሹራብ ለበሰች። ዝንብ እስኪያንሸራትታት ድረስ በሰሊጥ ዘይት ታሸች። ይህም አልበቃ ብሎ የሱዳን ሴቶች ሙሽራ የሚያጥኑበት ዱኻን ታወጀ፦ ጉድጓድ ውስጥ የግራር እንጨት ይጨሳል፣ ኮከብ ብርድ ልብስ ተከናንባ ከላዩ ትቀመጣለች፣ እትዬ ዙፋን እንዳታመልጥ በር ላይ ይቆማሉ። ስትወጣ ነጭ ሆኖ የቀረው ጥርሷ ብቻ ነበር። «ብርዱ ሲወጣ በዓይኔ አየሁት!» ሲሉ ክብርትነታቸው መግለጫ ሰጡ። ጉልበቷ ግን መግለጫውን አልሰማም።

ክኒኑስ? ለእትዬ ዙፋን ክኒን የፋብሪካ ሴራ ነው። «ጠመኔ ነው፣ ጣይው!» ይሏታል ሳይታክቱ።

አንድ ጠዋት የሻይ ብርጭቆ ከኮከብ እጅ አምልጦ ተሰበረ። ስብርባሪው አጠገብ ተቀምጣ አለቀሰች።

«እሺ እትዬ፣ አሸነፉኝ። ከዛሬ ጀምሮ አልውጥም። በሽታው ከፈለገ ይመለስ፤ እጄ ሳይከዳኝ ልሙት።»

እልልታ ጠበቀች። እትዬ ዙፋን ግን ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

«ምን አልሽ አንች?»

«እርስዎ አይደሉ ጣይው ያሉኝ?»

«እንድትሟገችኝ ነው እንጅ እንድትሰሚኝ መች አልኩሽ! ማን ሰምቶኝ ያውቃል? ተነሽ፣ ልበሽ!»

ረክሻ በሚሏት ባጃጅ ጭነው ሐኪም ቤት አስገቧት፤ ተራ የሚባል ነገር ለእሳቸው አልተፈጠረም። ሱዳናዊው ሐኪም ሕመሙን የምታመጣው ክኒኗ መሆኗን፣ ብዙ ሴቶች እንዲሁ እንደሚሠቃዩ ነገራት፤ በራሷ ፈቃድ እንዳታቆም ግን አስጠነቀቃት። ለዚያው ሥራ የምትሆን ሌላ ክኒን ለወጠላት፣ ማስታገሻ ጨመረላት፣ በየጠዋቱ እንድትራመድም አዘዘ።

«ብርዱስ?» አሉ እትዬ ዙፋን በዚያ በሚያስፈራ አረብኛቸው።

ሐኪሙ በመስኮት ፀሐይዋን አየና «የለም፣ ሐጃ» አለ፣ ሱዳን እናቶቿን በምትጠራበት አክብሮት።

«ልጅ ነው፤ ይማራል» ብለው ይቅር አሉት።

ከዚያ ወዲህ ኮከብ ሰላም አጣች። ገና ሳይነጋ በሯ ይደበደባል፦ «ዋጭ! ምላስሽን አንሽ!» ቀጥሎ ጉዞ እስከ እህል ገበያው። ኮከብ መጀመሪያ እያነከሰች፣ ከዚያ እየተራገመች፣ ኋላ ኋላ ከእሳቸው ለማምለጥ እየፈጠነች ተራመደች። የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ሕመሙ ፈጽሞ ባይለቃትም ጣቶቿ ወንፊት ያዙ። እትዬ ዙፋን ድሉ የዱኻኑ መሆኑን ለሰፈሩ አወጁ። ኮከብ ደግሞ «ነዝናዛ! አንድ ቀን እንኳ ባርፍ!» እያለች ላገኘችው ሁሉ ታማቸዋለች።

ዕረፍቱ መጣላት። እትዬ ዙፋን የእህታቸውን ልጅ ሊድሩ ሀዋታ ወደምትባል ከተማ ወረዱ። በማግሥቱ ኮከብ ማንም ሳይቀሰቅሳት ተነሳች፤ ክኒኗን ዋጠች፤ እስከ ገበያው ሄዳ ተመለሰች። ማንም አልሰደባትም፤ መንገዱ ግን ያለ ወትሮው ረዘመባት። ቤት እንደገባች ስልኳ ጮኸ።

«ዋጥሽ?»

ኮከብ ትንሽ አሰበች።

«አልዋጥኩም እትዬ። መራመዱም ሰልችቶኛል።»

የወረደባት እርግማን እስኪያበቃ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀች። ከሰዓት በኋላ የሀዋታ ሚኒባስ እትዬ ዙፋንን ከነሰርግ ልብሳቸው፣ ሙሽራዋን እንኳ ሳይሸኙ፣ ሰፈሩ ጫፍ ላይ ጣላቸው። ኮከብ ድምፃቸውን ከሩቅ ስትሰማ ሻይ ጣደች፤ ሳቋን ዋጠች፤ ፊቷን እንደ በሽተኛ አጨማዳ አልጋዋ ላይ ተጋደመች።