ጋሼ በየነና የሶር ታንኳ

መቼም በእናንተም ቀበሌ አይጠፉም፤ ሰው ሁሉ ከተቀመጠ በኋላ ካልደረሱ የመጡ የማይመስላቸው ሰዎች። የእኛ የመቱው ጋሼ በየነ እንዲህ ናቸው። ስብሰባም ይሁን ሰርግ ወይም ለቅሶ፣ ዘግይተው ይገባሉ። ቤቱ በሙሉ ብድግ ብሎ «ኖር!» ይላል። እሳቸውም የቆመውን ሰው አንድ በአንድ ካዩ በኋላ «በእግዜር! ኧረ በሞቴ ተቀመጡ!» ይላሉ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ድልድይ ከተሠራ ወዲህ የተረሳው የግንድ ታንኳ የሕዝብ ስፖርት ይሁን ተባለና፣ ሶር ወንዝ ላይ ውሃው ከሚተኛበት ቦታ ከቡሬ ልጆች ጋር የቀዘፋ ውድድር ገጠምን። በእግር ኳስ ሁልጊዜ የሚያሸንፉን ቡሬዎች ያን ቀን ወደ ኋላ ቀርተውልናል! ሕዝቡ ከዳር ሆኖ «ጀባዳ! በርቱ!» እያለ ይጮኻል። ባለሱቁ ሙደሲር ከፊቴ ተቀምጦ እንደ ጉድ ይቀዝፋል። ልንጨርስ ጥቂት ሲቀረን ወንዙ ዳር ማን ብቅ ቢል ጥሩ ነው? ጋሼ በየነ፣ ከነከዘራቸው!

ታዲያ ምን እናድርግ? አሳዳጊ የበደላቸው እንባል? ሙደሲር መቅዘፊያውን አስቀምጦ ብድግ አለ፤ እኛም ተከተልነው። «ኖር!» ከማለታችን ታንኳው ተገለበጠ። ጋሼን የማያውቋቸው ቡሬዎች እንደተቀመጡ አልፈውን ሄዱ።

ውሃው እስከ አንገታችን ደርሶ ቆመን ስንንቀጠቀጥ፣ ጋሼ አንድ በአንድ አዩንና ፊታቸው በራ።

«በእግዜር ልጆቼ!» አሉን። «ኧረ በሞቴ ተቀመጡ!»