እኛ ወንዝ ዳር ሞልታለች

«እኛ አገር ሞልቷል» ባዮች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔ የኮሮናን ጊዜ ያሳለፍኩት ከዋናቸው ጋር ነው፤ ከጋሽ ላምቤቦ ጋር፣ በተሰደድንባት ቴምቢሳ፣ ከሱቃችን ፍርግርግ ጀርባ። ፔንግዊን ብላችሁ እንኳ ብታነሱበት «አባቴ ግቢ ነበሩ» ከማለት አይመለስም።

አንድ ቀን ሎክዳውኑ ቢሰለቸኝ ስልኬ ላይ የአንዲት ወፍ ፎቶ አሳየሁት። ሰማያዊ ክንፍ፣ ቀይ ምንቃርና ረጅም ነጭ ጭራ ያላት፣ ጫካ ውስጥ የምትኖር ዓሣ አጥማጅ ወፍ ነች።

«እኛ ወንዝ ዳር ሞልታለች» አለ።

«ጋሼ፣ በዓለም ላይ አንድ ደሴት ላይ ብቻ ነው የምትገኘው ይላል እኮ!»

«ማን ዞሮ አይቶ?»

ሙግታችን ሲጦፍ፣ ዳቦ ሊገዛ የመጣ አንድ የአገሬው ጎረምሳ ጭምብሉን አገጩ ላይ አድርጎ በመስኮቱ ወደ ስልኬ አንገቱን አሰገገ። የምንከራከርበትን ነገርኩት። ሳቀ።

«ጎበዝ ወፍ ናት፤ አገሯ ተቀምጣለች። እናንተስ ማይ ፍሬንድ፣ መቼ ነው ወደ አገራችሁ የምትገቡት?»

ጋሽ ላምቤቦ ዳቦውን በፍርግርጉ አቀበለውና ቀና ብሎ አየው።

«ስለ እኔም ቢጻፍ ኖሮ፣ አንድ መንደር ብቻ ይገኛል ይባል ነበር። ይኸው ቴምቢሳም አለሁ። ነገም ዳቦ ስትፈልግ እዚሁ ነኝ።»

ጎረምሳው ዳቦውን ይዞ ሄደ። ጋሽ ላምቤቦ ወደ እኔ ዞረ።

«ያቺንም ወፍ» አለኝ፣ «በደንብ አልፈለጓትም።»