ኦቦ ጨመዳን ያለ ፍላሽ

ፎቶ አንሺ ከሕፃን ይልቅ ጨለማ ይፈራል። ሕፃን ጨለማ ሲያስፈራው እናቱ ጉያ ይገባል፤ ፎቶ አንሺ ወዴት ይግባ? እናንተ ደግሞ ዝግጅት ባላችሁ ቁጥር መጀመሪያ የምታደርጉት መብራቱን ማደብዘዝ ነው። ደመቅ ያለ ዝግጅት ፈዘዝ ያለ መብራት ይፈልጋል ብሎ ማን እንዳስተማራችሁ አላውቅም። ብቻ እዚህ ጥግ ቀይ፣ እዚያ ጥግ ሐምራዊ አምፖል ትሰቅሉና እኔን ጠርታችሁ «ጥርት አድርገህ አንሳን» ትላላችሁ። እሺ እላለሁ። እሺ የማይል ፎቶ አንሺ አሰላ ውስጥ ጉርድ ፎቶ ሲያነሳ ይኖራል።

እኔም ብዙውን ዕድሜዬን የኖርኩት በጉርድ ፎቶ ነው። ሰው ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ አገጩን ቀና ያደርጋል፣ ትንፋሹን ያፍናል፣ ያበቃል። ሯጭም አንስቻለሁ፤ አርሲ ውስጥ ካሜራ ይዞ ሯጭ ያላነሳ የለም። ሯጭ ምንም ቢፈጥን የሚሮጠው በፀሐይ ነው። የሚያስቸግረው ጨለማ ውስጥ ቆሞ ራሱን የሚነቀንቅ ሽማግሌ ነው። ይህን ያወቅኩት ሌንሳ ወደ ስቱዲዮዬ የመጣች ጊዜ ነው።

ሌንሳ ነርስ ናት። አባቷን ኦቦ ጨመዳን በዕድሜ ገፋ ያልን የአካባቢው ሰዎች ሁላችን እናውቃቸዋለን። አርቦዬ ከተማ አስተማሪ ሳሉ በኪነት ቡድን ውስጥ ይዘፍኑ ነበር፤ ስለ አርቦዬ ገበያ የሠሯትን ዘፈን እስከ ዛሬ ሰርግ ላይ እናወርዳታለን። እና ጡረታ ለወጡ መምህራን በከተማው አዳራሽ የምስጋና ዝግጅት ተሰናድቶ እሳቸውም ሊዘፍኑ ነው።

«ጋሼ፣ ቤታችን ያለው የአባባ ፎቶ ሁሉ ጉርድ ነው» አለችኝ። «ሲዘፍን የተነሳው አንድም የለንም። አንድ ይበቃኛል። ሲዘፍን ይሁን ብቻ።»

ቀላል ነው ልላት አፌን ስከፍት ድምጿን ዝቅ አድርጋ ቀሪውን ነገረችኝ። አባቷ መርሳት ጀምረዋል። መጀመሪያ የሰው ስም ነበር፣ አሁን ዘፈኖቹም እየሄዱባቸው ነው፤ ከዚህ በኋላ መድረክ ላይ መውጣታቸውን እንጃ። ስለዚህ ፍላሽ አይፈቀድም፤ ብልጭ ያለ ነገር ካዩ ሐሳባቸው ይበተናል። ፊታቸው ቆሜ ወዲያ ወዲህ ማለትም አይፈቀድም፤ ሰው ሲንቀሳቀስ ካዩ እሱ ማን እንደሆነ ሲያስቡ ግጥሙ ይጠፋቸዋል። ሌንሳ ስለ ሌንስ የነገረችኝ ነገር የለም። ያን ጭንቀት ለእኔ ትታልኝ ሄደች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሜራ በር ያለው ቤት ነው በሉት። በጨለማ ብርሃን በዛ ብሎ እንዲገባ በሩን ረዘም አድርጋችሁ ከከፈታችሁት፣ ሰውየው በዚያች ቅጽበት ራሱን ነቅነቅ ሲያደርግ ፊቱ እንደ ፈሰሰ ቀለም ይዝረከረካል። ቶሎ ከዘጋችሁት ጨለማ ነው። ሌላው መላ አይ ኤስ ኦ የሚባለውን ከፍ አድርጎ ካሜራው በጥቂት ብርሃን እንዲያይ ማስገደድ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሥዕሉ ላይ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል። አንዱን ሲያነሱት አንዱ ይወድቃል።

የሌንሱም ነገር እንደዚሁ ነው። ከድር የሚባል የኦጎልቾ ወዳጄ፣ ሰርግ ቪዲዮ የሚቀርጽ፣ ትልቁን ዙም ሌንሱን አውሶኝ ነበር። በእሱ ከኋላ ተቀምጦ የዘፋኙን ሽፋሽፍት መቁጠር ይቻላል፤ ግን ብርሃን የሚያስገባበት ዓይኑ ጠባብ ነው። የእኔው አጭር ሌንስ ዓይኑ ሰፊ ነው፣ በሻማ ብርሃን ያነሳል፤ ግን አያቀርብም፣ ዘፋኙ እግር ሥር ካልሄድኩ ጥቅም የለውም። ከራቅኩ ጨለማው፣ ከቀረብኩ ሽማግሌው። ከድር ዙሙን ያዝ አለኝ፣ እኔ ሆዴ አልቆረጠልኝም።

ባለቤቴን ፋጡማን ዕቃ ቤት አስገብቼ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርጄ፣ ዘፈን ላይ እንዳለሽ ሆነሽ ራስሽን ነቅንቂ አልኳት። ሰው ቢያየን ምን ይላል ብላ ብዙ ካንገራገረች በኋላ ነቀነቀች። በሁለቱም ሌንስ አነሳኋት። በከድር ዙም ጭስ መሰለች። በእኔው አጭር ሌንስ ግማሽ ፊቷ ተረፈ። ግማሽ ፊት ከጭስ ይሻላል ብዬ አጭሩን ያዝኩ። በዝግጅቱ ቀን ቀደም ብዬ ገብቼ ከፊተኛው ረድፍ፣ ጋቢ ከለበሱት አዛውንቶች መሐል፣ እንደ ታዳሚ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወንበር ላልነሳ ለራሴ ማልኩ።

አመሻሹ ላይ ኦቦ ጨመዳ ወጡ። ጭብጨባው ጋብ ሲል ማይኩን ጨብጠው ጀመሩ። ድምፃቸው እንዳለ ነው። እኔ ግን ድምፅ ማጣጣም ከየት ይምጣ፤ ቀዩ መብራት ፊታቸውን ፍም አስመስሎታል፣ እሳቸው ደግሞ ትከሻቸውን፣ አንገታቸውን፣ ሁሉን ይዘው ነው የሚዘፍኑት። አነሳሁ፣ ተዝረከረከ። ሸተሩን፣ ያን በር ማለቴ ነው፣ አፈጠንኩ፣ ጨለመ። አይ ኤስ ኦውን ሰቀልኩት፣ በርበሬው ወረደ። አንዱ ዘፈን አለቀ፣ ሁለተኛውም አለቀ፤ በዚያ ብርድ እኔ በላብ ተጠምቄያለሁ። ከጎኔ ያሉት አዛውንት አሞኝ እንደሆነ ጠየቁኝ።

ከዚያ የአርቦዬን ገበያ ጀመሩ። አዳራሹ በደስታ ተናወጠ። ግማሹ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

የሚቀጥለው ስንኝ የለም። ኪቦርድ የሚመታው ሰው ያችኑ ዜማ መላልሶ አዞራት። እሳቸው መሬት መሬት አዩ፣ ጣታቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ፣ ተዉት። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኸው ነው። ሌንሳ መድረኩ ጥግ ቆማ ስንኙን በከንፈሯ ብቻ ትላለች፤ እሳቸው ግን ወደ እሷ አላዩም። የእኔ የመጀመሪያ ሐሳቤ ምን እንደነበር ልንገራችሁ፤ ካሜራዬ ብልጭ ብሎ ይሆን ብዬ አገላብጬ አየሁት። ምንም አላለም።

ያን ጊዜ ከኋላ አንዲት ሴት ስንኙን አነሳችው። አጠገቧ ያሉት ተቀበሏት፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። የመብራት ሠራተኛው ግራ ገብቶት መሰለኝ ነጩን መብራት ሁሉ አበራው። ኦቦ ጨመዳ ማይኩን ወደ ጎን አውርደው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ብርሃን መጣ፣ ሰውየው ረጋ። ፎቶ አንሺ ዕድሜውን ሙሉ የሚለምነው ይህንን ነው። ሰው ግጥሙ በጠፋበት ሰዓት ፎቶ ይነሳል ወይ? ጣቴ ከእኔ ጋር አልተማከረም፤ ተጫነ። ሕዝቡ ዘፈኑን ጨረሰላቸው። እሳቸው ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው «ገለቶማ» ብለው አመሰገኑና ወረዱ።

ስቱዲዮ ገብቼ ሳየው ከሁሉም ጥርት ብሎ የወጣው ያ ፎቶ ብቻ ነው። ያዘዘችኝ ሲዘፍኑ፣ የያዝኩት ሲረሱ። ከተዝረከረኩት መሐል አፍ የሚመስል ነገር ያለበትን መርጬ ልሰጣት ሁሉ አሰብኩ። ፋጡማ አየችውና፣ ጥሩ ሰው ይመስላሉ፣ ስጣት አለችኝ። ሰጠኋት።

ሌንሳ ብዙ አየችው። «እዚህ ላይ ጠፍቶበት ነው፣ አይደል?» አለችኝ። አዎ አልኳት። በትልቁ አሳትሜ ፍሬም ውስጥ እንዳስገባው አዘዘችኝና ሄደች። ቅር ብሏት ይሁን ደስ ብሏት ሳላውቅ ሰነበትኩ።

ፍሬሙን ሊወስዱ አባትና ልጅ አብረው መጡ። ኦቦ ጨመዳ ፎቶውን ከዓይናቸው አራቅ አድርገው ያዙት። ራሳቸውን አወቁ፤ ኮቱንም አወቁት። ከዚያ ጥጉን ሁሉ ፈለጉና ወደ እኔ ቀና አሉ።

«እኔስ ይኸው አለሁ፤ በደንብ ነው የማዳምጠው» አሉኝ። «ዘፋኙ የታለ?»

ሌንሳ አየችኝ፣ እኔም አየኋት። ፊቷ ላይ የሚነበብ ነገር ስላጣሁ የመጣልኝን ተናገርኩ። ኦቦ፣ ጨለማ ስለነበር ዘፋኙ አልወጣልኝም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኳቸው።

እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ። ተጨንቄ እንደሆነ ገብቷቸዋል። በጨለማ ማንሳት ከባድ መሆኑን፣ የእኔ ጥፋት እንዳልሆነ፣ እንዲህ ያለ ነገር ማንም ላይ እንደሚደርስ ቀስ ብለው አስረዱኝ። ፍሬሙን ለልጃቸው ሰጥተው በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«በሌላ ጊዜ ግን ልጄ፣ ዘፋኙንም አንሳው። ዘፈኑ ደስ ይላል።»

እሺ አልኳቸው።