ባለቤት የሌለው የፌአኦ ሣጥን

በየደሴቱ አንድ አይጠፋም፤ ባሕር ማዶ ኦክላንድ ከተማ ሄዶ፣ ተምሮ፣ አገሩን ሊያድን የሚመለስ ሰው። ማንም ና አድነን ብሎ አልጠራውም። እሱ ግን ይመጣል። ላሳደገችው አክስቱ የታሸገ ሥጋ እንደማምጣት ሻንጣ ሙሉ ሽቦ ይዞ ይመጣል።

ለእኛ መንደር የደረሰን ክቡር አዳኛችን ፌአኦ ነው። ማዕበል በባሕሩ ሥር የተዘረጋውን የስልክና የኢንተርኔት ገመድ በጥሶት ከዓለም ተቆራርጠን ነበር። መቆራረጣችንን ያወቅነው እሱ መጥቶ ሲነግረን ነው ብል ውሸት ነው። ግን ትልቅ ውሸት አይደለም።

መጀመሪያ ቀን ቤተክርስቲያኑ አዳራሽ ሰበሰበን።

«ገመዱ ሲበጠስ ሁላችንም ለምን ጠፋን? መልእክቱ ሁሉ በአንድ መሃል ስለሚያልፍ! እኛ መሃል የሌለው ኔትወርክ እንሠራለን። በየቤቱ አንድ ሣጥን፣ በፀሐይ የሚሠራ። መልእክቱ ከሣጥን ሣጥን እየዘለለ ይደርሳል። የማዕበል ማስጠንቀቂያ በሉት፣ የልጆች ትምህርት በሉት፣ ሁሉም በየቤቱ ይቀመጣል። አለቃ የለው፣ ባለቤት የለው!»

«ባለቤት ከሌለው ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል?» አለች ሎሳሊኔ ከኋላ።

«ሁላችንም፣ አክስቴ።»

«ሁላችንም የጠገንነው ጣሪያ ይኸው ራሴ ላይ ያፈሳል።»

ሎሳሊኔ የአባቱ እህት ናት፤ በእኛ ወግ ደግሞ የአባት እህት ከአለቃም በላይ ናት። አለቃ የለም እያለ የሚሰብከን ታዲያ መሬት ተቀምጦ ነው። የአባቱ እህት ተቀምጣ እሱ እንዴት ብሎ ከሷ በላይ ይቆማል? አብዮተኛም ቢሆን ወግ አለው።

ሣጥኖቹ ተተከሉ። ሁሉም ነገር በድምፅ ይወሰናል ተባልን። ፌአኦ በስልክ ጠየቀን፤ ሣጥኖቹ ሰማያዊ ይቀቡ ወይ? መንደሩ በሙሉ አዎ አለ። ቀይስ ይቀቡ ወይ? አሁንም በሙሉ አዎ። ለፍቶ የጠየቀን ልጅ እንዴት ፊት ለፊት እምቢ ይባላል? ሣጥኖቹ ግማሽ ሰማያዊ፣ ግማሽ ቀይ ሆነው ቀሩ። ፌአኦ «ዴሞክራሲ!» አለ፣ ቀለም በቀለም ሆኖ።

አንድ ቀን አሳማ የአንዱን ሣጥን ሽቦ በላችው። ሌላ ሰው ቢሆን ዱላ ያነሳል። እሱ ስልኩን አይቶ ጨፈረ። «አያችሁ? መልእክቱ በሌላ ቤት ዞሮ ደረሰ!» አሳማዋን አመስግኖ ዳቦ ሰጣት። ከዚያ ወዲያ ሽቦ ለምዳ ቀረች።

እንዲህ እንዲህ እያለ እሑድ መጣ። እሑድ እኛ ዘንድ ዓሣ አይጠመድም፣ ልብስ አይታጠብም፣ አይሮጥም። ሎሳሊኔ ቅዳሜ ማታ ደወሉ ሲደወል ሣጥኗን ጠቅ አድርጋ አጠፋችው። ጎረቤቷም አይታ አጠፋች። ከዚያ መንደሩ በሙሉ።

«አክስቴ፣ ዕቃ እኮ ነው!»

«ጀልባም ዕቃ ነው። እሑድ ባሕር ይወጣል? ሳምንቱን ሙሉ ሲላላክ የከረመ ነገር አንድ ቀን ይረፍ እንጂ። ምን በደለህ?»

በየሳምንቱ እንደዚያው ሆነ። ክቡር አዳኛችንም እሑድ እሑድ አኩርፎ መዋል ለመደ።

ጉዱ የፈላው ፊሊፓ የመጣች ጊዜ ነው። ሣጥኖቹን በዕርዳታ የሰጡት ሰዎች ናቸው የላኳት፤ ይሠራል አይሠራም ልታይ። ካልሠራ ተነቅሎ ለሌላ ደሴት ይሰጣል። ፌአኦም ኦክላንድ ተመልሶ ካርቶን ሲደረድር ወደነበረበት መጋዘን ይገባል። ዓርብ ትደርሳለች ተብላ ባሕሩ ተናወጠና ጀልባዋ የገባችው ቅዳሜ ማታ ነው። የምትመለሰው ደግሞ ሰኞ ማለዳ።

«አክስቴ፣ አፈር ስሆን። ለአንድ ሰዓት ብቻ አብሩ በያቸው። አንቺ ካልሽ ሁሉም ያበራል።»

«አለቃ የለም አላልክም?»

«አክስቴ!»

«እሑድ ነው አልኩህ።»

ፌአኦ እራቱን ሳይነካ ተነሳ። ሎሳሊኔ ሳህኑን ብዙ አየችው። እሱ ኦክላንድ በነበረበት ጊዜ እዚህ ቤት የሚጨቃጨቃት ሰው አልነበረም። ይህን ግን ለማንም አትናገርም። ሳህኑን ከደነችው።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ፊሊፓ ወደቡ ጋ ያለው ሣጥን አጠገብ ቆማ ስልኳ ላይ የሙከራ መልእክት ጻፈች። ሣጥኑ ጭልም ብሏል። ፌአኦ ላቡ ይወርዳል።

«ምን ብላ ጻፈች?» አለች ሎሳሊኔ፣ እኛ ዘንድ ለክብር ወገብ ላይ የሚታጠቁትን የእሑድ ምንጣፏን እንደታጠቀች።

«ስሜ ፊሊፓ ነው፣ መንደሩ ጫፍ ያለው ቤት ስደርስ ውሃ ስጡኝ ነው ያለችው። ምን ዋጋ አለው...»

ሎሳሊኔ ሰማዩን አየች። እሑድ መሮጥ ክልክል ነው። ማውራት ግን ማን ከለከለ? ወደ ቅርቡ አጥር ጠጋ ብላ ከወዲያ ላለችው ለካሎላይኔ አንድ ነገር አለቻት። ካሎላይኔ ደግሞ ወደ ቀጣዩ አጥር ዞረች።

ፊሊፓ አሳማ ፎቶ እያነሳች በእርጋታ ሄደች። ጫፍ ያለው ቤት ሲደርሱ አሮጊቷ ቫይሞአና ኮኮናት ፈልጣ በር ላይ ቆማለች።

«ፊሊፓ፣ ውሃ የጠማሽ አንቺ ነሽ ልጄ? ጀልባው ላይ ሲያስመልስሽ ነበር አሉኝ፤ አይዞሽ። ባል አላገባሁም ብለሽም አትጨነቂ፤ ይሄ ሽቦ ጎታች አለልሽ።»

ፊሊፓ ኮኮናቱን ተቀበለች። ሣጥኑን አየች። «ይሄ ግን ጠፍቷል።»

ፌአኦ መዋሸት ይችል ነበር። «እሑድ ሁሉም ይጠፋል» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

«ታዲያ በምን ደረሰ? የማን ኔትወርክ ነው ይሄ?»

«ባለቤት የለውም» አለች ሎሳሊኔ። ከኋላ ነጭ በነጭ ለብሶ ሲከተል የመጣው መንደር ተቀበላት፦ «ባለቤት የለውም!»

ፊሊፓ ስትስቅ ኮኮናቱ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። «እሺ፣ ሲበራ ደግሞ ጠዋት ልየው። ካልበራ ግን ይነቀላል።»

ሰኞ ማለዳ ፌአኦ ወደቡ ላይ ሻንጣዋን ይዞላት ቆሟል። ገና ከቤቱ የወጣ ሰው የለም። ድንገት የፊሊፓ ስልክ ጮኸ። የፌአኦም ጮኸ። የመርከበኛው፣ የቄሱ፣ የሁላችንም ጮኸ። ስልክ መንካት አላውቅም ስትል የኖረችው ሎሳሊኔ ሣጥኗን ከሁሉም ቀድማ አብርታ፣ ጎረቤት ከጎረቤት እያየ ካበራ በኋላ ለፌአኦ የጻፈችውን ለመንደሩ ሁሉ አዳርሳዋለች።

«ፌአኦ፣ የትም አትሄድም። ቁርስህ እየቀዘቀዘ ነው። አክስትህ።»

ፊሊፓ አነበበችና «ሣጥኖቹ ይቆዩ» ልትለው ዞረች። የለም። ሻንጣዋን መሬት ጥሎ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ ወደ ቤት እየበረረ ነው። አለቃ በሌለበት መንደር የአባት እህት ከጠራች ማን ቆሞ ያዳምጣል?